ያልተማለለት ፍሬን

ዓርብ ጠዋት፣ ከተክለ ሃይማኖት

ከቤት የወጣሁት ፍሬን ፍለጋ ነው። በማግስቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የመኪና ውድድር ሜዳ፣ እንደኔ ያለ ተራ አሽከርካሪ በገዛ መኪናው እንዲሮጥ ተፈቅዶ ነበርና ተመዝግቤያለሁ። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ምን ዓይነት ቅብጠት ነው? ባለቤቴ ታደሰ «አነዳድሽ እኮ ሬሳ የጫንሽ ነው የሚመስለው» እያለ ሲያሾፍብኝ ስለኖረ ነው። እልህ ይዞኛል! ችግሩ የሜዳው ረጅም ቀጥታ መንገድ መጨረሻው ጥምዝ ነው፤ ከጥምዙ ኋላ ደግሞ ጥልቅ ቦይ አለ። የአሮጊቷ መኪናዬ ፍሬን ሲያዝ ያንቋርራል። እዚያ ካልያዘልኝ ቦዩ ውስጥ ነኝ።

መኪናዬን ይዤ ጎጃም በረንዳ ስደርስ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተውታል።

«እትዬ፣ ወይ እለፊ ወይ አሳልፊ እንጂ!» አለኝ አንዱ ጋሪ ገፊ።

«ክንፍ አውጥቼ ልብረር?» አልኩት። ሳቀና ጋሪውን ወደ ጥግ ሳበልኝ።

ሶማሌ ተራ

ጋሼ ከድር ለአባቴም ለኔም የመኪና ዕቃ ሲሸጡ የኖሩ የስልጤ ሰው ናቸው። ጁምዓ ሊደርስ ስለነበር የሱቃቸውን በር ገርበብ አድርገውታል። የፍሬን ሸራ ስላቸው ካርቶን አወረዱ።

«ኦሪጅናል ነው?»

«እንደ ኦሪጅናል ነው።»

መርካቶ ውስጥ «እንደ» የምትባለው ቃል ስንቱን አቃጥላለች!

«እስቲ ወላሂ ይበሉኝ!»

እጃቸው ካርቶኑ ላይ ቀረ። «ለምንድን ነው የፈለግሽው?» አሉኝ። ስለ ሜዳውም ስለ ቦዩም ነገርኳቸው።

«ለከተማ ከሆነ፣ ወላሂ። ለእሽቅድምድም ግን አልምልም። ዛሬ ጁምዓ ነው ልጄ» ብለው ካርቶኑን ወደ መደርደሪያው መለሱት። ነጋዴ «አልሸጥልሽም» ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

መንገዱን ተሻግረው ወደ ተፎካካሪያቸው ሱቅ ይዘውኝ ገቡ። «ለልጅህ እንደምትሰጥ አድርገህ ስጣት» አሉት። የወጣውን ሸራ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው አዩት፤ «ይቺ ትሻላለች» አሉ። ዋጋው የመጀመሪያው እጥፍ ቢሆንም ሳልከራከር ከፈልኩ።

«አሁንስ ወላሂ ይላሉ፣ ጋሼ?»

«ስትቆሚ እላለሁ። በይ ሂጂ፣ ሰላት ሊያመልጠኝ ነው!»

መካኒኬ ሸራውን ገጥሞ የፍሬን ዘይቱን ቀየረ። «መጀመሪያ ይላመድ፤ ቀስ እያልሽ ደጋግመሽ ያዢው» ስላለኝ እስኪመሽ እንደዚያው ሳደርግ ዋልኩ። ከዚያ ፖርቶ መጋላውንም የወንበሩን ሥርም አራገፍኩ፦ ጀሪካን፣ ጃንጥላ፣ የልጄ ጫማ። ተንከባሎ ፔዳል ሥር የሚገባ ነገር ጉድ ያደርጋል። ጎማ ሥር የማደርገውን ድንጋይ ግን በልማድ መልሼ ጫንኩት።

ቅዳሜ፣ ሜዳው

ከሞተረኛው ጎረቤታችን የተዋስኩት ሄልሜት ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ድንጋዬን አውርጄ ጥግ አስቀመጥኩና ገባሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው አሰልጣኝ «ፍሬኑን ቀጥታው ላይ ጨርሺ፤ መሪ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ። ሁለቱን ዙር ፈራ ተባ እያልኩ ዞርኩ። በሦስተኛው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠኋት። ቦዩ እየቀረበ መጣ።

«ያዢ!»

እግሬ እምቢ አለ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው «አልምልም» ብቻ ነው።

«ያዢ እኮ!»

ረገጥኩት። ቀበቶው ደረቴን ጨመቀው፣ መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፣ ያዘች! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ጥምዙን ዞሬ አንድ ዙር ቀስ ብዬ አቀዘቀዝኳትና ወጣሁ።

«የጋለ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን አትሳቢ፤ ማርሽ አስገብተሽ ተያት» አለኝ አሰልጣኙ። ድንጋዬን ጎማው ሥር ወሸቅኩ። ጠዋት ድንጋዩን ሳወርድ የሳቁብኝ አሽከርካሪዎች ሁሉ ወዲያው ድንጋይ ፍለጋ ተበተኑ።

ወደ ቤት

ታደሰ በር ላይ «በስንት ነዳሽ?» አለኝ። ጎረቤታችንም ሄልሜቱን ሲቀበለኝ የጠየቀው ያንኑ ነው። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው፦ ሰው የሚሮጠው መቆም መቻሉን ሲያምን ነው። ይህን ላስረዳቸው ስል ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ከድር ናቸው።

«ቆመች?»

«ቆመች፣ ጋሼ!»

«ወላሂ በይ!»

ማተቤ አንገቴ ላይ፣ ታደሰ አፉን ከፍቶ እያየኝ፣ «ወላሂ!» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም እኮ።»