ዳንቴል የለበሰው ኪቦርድ

ሰው ከአረብ አገር ሲመለስ ቴሌቪዥን ያመጣል። እህቴ ግን ኪቦርድ ይዛ መጣች። ስትሠራበት የነበረው ቤት ልጆች አድገው ጥለውት ኖሯል፤ እመቤቲቱ «ከፈለግሽው ውሰጂው» ስትላት ሐሳቧን እንዳትቀይር ብላ በዚያው ምሽት በብርድ ልብስ ጠቀለለችው።

እኔ ወልቂጤ በሥራ ቀን ልብስ እሰፋለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ከስልክ ላይ እያየሁ፣ በሰው ሰርግ እየተሳሳትኩ ነው የለመድኩት። የድሮው ኪቦርዴ አንዳንድ ቁልፎቹ አይጮሁም ነበርና በእነሱ በኩል የሚያልፈውን ዜማ በአፌ እሞላው ነበር።

አዲሱ ትልቅ ነው፣ ጥቁር፣ አረብኛ የተጻፈበት። ከቁልፎቹ በላይ ሽምብራ የሚያካክሉ መጫኛዎች ተደርድረውበታል። እንደ እስክሪብቶ ጫፍ ናቸው፤ ጫን ሲሏቸው ይገባሉ፣ ደግመው ሲጫኗቸው ይወጣሉ።

«እነዚህን እንዳትነኪ» አለችኝ እህቴ።

«ለምን?»

«አባትየው ልጆቹን በእነሱ ሲቆጣ ሰምቻለሁ።»

ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አልነበራትም። ስለዚህ በእኛ ቤት የማይነካ ነገር የሚደረገውን አደረገችው፤ ዳንቴል አለበሰችው። ቴሌቪዥናችን ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁ አለው፣ የልብስ ስፌት መኪናዬም አለው። ኪቦርዱ ብቻውን ራቁቱን የሚቆምበት ምክንያት አልታያትም። ዳንቴሉ እንዳይንሸራተት ደግሞ የሸክላ አበባ ማስቀመጫ፣ ከነፕላስቲክ አበባው፣ ጫነችበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪቦርዱ ታመመ። ዛሬ ጤነኛ ነው፤ ነገ አንዷ ድምፅ ትወርዳለች። ወርዳም ታችኛዋ ጋ አትደርስም፤ የረሳችው ነገር ትዝ ብሏት ደረጃ መሃል እንደቆመች ሴት እዚያው ቀጥ ትላለች። በማግስቱ ደግሞ ድና ትጠብቀኛለች። ጠዋት ጠዋት አቧራ ስጠርግ ማስቀመጫውን አንስቼ መልሼ እንደማስቀምጠው ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ገልብጦ ከሆዱ በኩል ፈታውና ብዙ ካየው በኋላ፣ «ቦርዱ ሊቃጠል ነው» አለኝ።

«መቼ?»

«እሱን እሱ ነው የሚያውቀው።»

እህቴ በበኩሏ የሰው ዓይን ነው ብላ ጎረቤቱን ሁሉ በጥርጣሬ ታይ ጀመር።

ያልተጠረጠሩት ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ብቻ ነበሩ። የቡታጅራ ሰው ናቸው፣ በርበሬ ነጋዴ። በርበሬ እያስቀነጠሱ ሲያዜሙ ሠራተኞቹ እጃቸው ሥራ ይፈታል። ሰው ፊት ግን መዝፈን ትተዋል። አንድ ዘመድ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ በማይክ «እናቴ፣ ድምፅ ሳቱ!» ብሏቸው ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጠው ወጡ። አሁን የአንዲት ልጃቸው ሰርግ ቡታጅራ ሊደገስ ነው። እኔን ለኪቦርድ ጠርተውኛል፤ እናት ሙሽራ ልጇን የምትሸኝበትን የመሸኛ ዘፈን ግን አልዘፍንም ብለዋል። ልጅቷ በዚህ ነገር ስታለቅስ በግድግዳው እንሰማ ነበር።

ኪቦርዱ በታመመበት በአንዱ ቀን እየተነጫነጭኩ ስነካካው እትዬ በርበሬ የያዘ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ገቡ።

«ድገሚው።»

«ታሟል እኮ፣ እትዬ።»

«የታመምሽስ አንቺ ነሽ። ድገሚው!»

ደገምኩት። የመሸኛውን ዘፈን ጀመሩ። ድምፃቸው ሁልጊዜ ከሁለት ቁልፍ መሃል የሚወድቅበት ቦታ አለ፤ ያን ቀን ኪቦርዱ እዚያች ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው።

«የሳትኩት የቱ ጋ ነው?» አሉኝ ጨርሰው።

«የትም።»

«በዚህ ከሆነ ልጄን እሸኛለሁ። እንዳታሳክሚው!»

ልናድነው ስንለፋ የከረምነው በሽታ አሁን እንዳይለቀው መጸለይ ጀመርን። እህቴ ኪቦርዱ በታመመበት ቀን አቧራ መጥረግ ከለከለችኝ። ምክንያቱን ስላላወቅን ምንም ላለመንካት ተስማማንና ከነዳንቴሉ፣ ከነአበባው በነጠላ ጠፍረን ሚኒባስ ላይ ወጣን።

«ምንድነው እሱ?» አለ ረዳቱ።

«ኪቦርድ።»

«አበባውስ?»

«የእሱ ነው» አለች እህቴ ኮስተር ብላ። እስክንወርድ ድረስ ተሳፋሪው ሲስቅብን ሄደ።

ቡታጅራ ደርሰን ድንኳኑ ውስጥ ዘረጋነው። ሞከርኩት፤ ደህና አድርጎ ታሟል። ምሳ በልቼ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ ግን ማስቀመጫው የለም። የሙሽሪት አክስት አንስታ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ አኑራዋለች። ሴትየዋ ባለሙያ ናትና ኪቦርዱንም በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው፤ ዳንቴሉንም መታ መታ አድርጋ አስተካከለችው።

ለመሞከር ጊዜ አላገኘሁም። የሙሽራው ወገኖች ከወራቤ መጥተው ተቀምጠዋል፣ እትዬ ማይኩን ይዘዋል። ጀመሩ። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ ኪቦርዱ ሳይጠብቃቸው አለፈ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ቆሙ። ፊታቸው ልክ ነጠላቸውን መሰለ። ወደኔ ዞረው በማይኩ፣

«ዳነ?» አሉኝ።

«ዳነ፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ የወራቤ ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ።

እህቴ ወደ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ሮጠች። አክስትየዋ «የሙሽራ አበባ አይነሳም!» ብላ ማስቀመጫውን አቀፈችው፤ ጎተቱት። እትዬ ማይኩን ወደ ወንበሩ ሲያወርዱ አየሁ። ዳንቴሉን ገፍፌ ጣልኩትና ማስቀመጫው ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ በአውራ ጣቴ ጫንኩ። ቀጭ አለ። ቁልፉን ነካሁት፤ ድምፁ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፤ መጫኛዎቹ የተሠሩት ለዚሁ ነው። እንደ እትዬ ያለ ድምፅ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራቸው።

«ታመመ፣ እትዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

እትዬ ግን ማይኩን መልሰው አነሱት። ዘፈኑ፤ ኪቦርዱም በየደረሱበት ደረሰላቸው። የሚስቅ ጠፋ፤ ያ ከኋላ የነበረውም ያጨበጭብ ጀመር። የመሸኛው ዘፈን አለቀ፣ ሌላ ጀመሩ። እሱም አለቀ፣ ሌላ። ለዓመታት ያጠራቀሙት ሁሉ ወጣ። ውጭ መኪኖቹ ሞተር አስነስተው ይጠብቃሉ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ «እናታችን፣ መንገድ አለብን እኮ» አሏቸው።

«እኔ መቼ ያዝኳችሁ? ሂዱ!» አሉና ቀጠሉ።

ሽማግሌው ሙሽሪትን አዩ፤ ታስቆምልን ብለው። እሷ ጫማዋን አውልቃ እኔ ጎን መጥታ ተቀመጠች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ «አንድ ትቀራቸዋለች» አለች።

ከውጭ የሞተሮቹ ድምፅ አንድ በአንድ ጠፋ።