ለማሰቢያ ሦስት ቀን

መሸነፍ አልወድም። በካርታም፣ በኳስም፣ በክርክርም አልወድም፤ በእንቆቅልሽ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ያመኛል። ዓረብ አገር፣ ባኒያስ ውስጥ በምሠራበት ቪላ «የምታነበው» እባላለሁ። ማዳም እንግዳ ሲመጣባት «ይቺ እኮ መጽሐፍ ታነባለች» እያለች፣ አዲስ የገዛችው ፍሪጅ ይመስል ታሳየኛለች። ውሸት አይደለም፣ አነባለሁ። ከአገር ቤት በሰው ሻንጣ የመጣ ልብ ወለድ እጄ ከገባ፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ቆሜ እጨርሰዋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልም ጨርሻለሁ። አል ዐይን ከተማ የነበረችው ጓደኛዬ ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። በየሳምንቱ የምታዋርደኝ ግን እሷ ነበረች።

የተዋወቅነው አውሮፕላን ውስጥ ነው፤ የወንበሩ ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰር ጠፍቶን ስንታገል። ስናርፍ እኔን ወደ ባኒያስ፣ እሷን ወደ አል ዐይን ወሰዱን። መንገዱ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት የተያየነው ግን አራት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨዋታችን በስልክ ሆነ። ጠዋት ጠዋት አንዳችን በድምፅ መልእክት «እንቆቅልሽ» እንላለን፣ ሌላዋ «ምን አውቅልሽ» ትላለች፣ ከዚያ ጥያቄው ይላካል። በማግስቱ ተራው ይቀየራል። መልሱ የጠፋባት አገር ትሰጣለች። አሸናፊዋ በተሰጣት አገር ተንፈላስሳ ተሸናፊዋን ትሰድባለች፤ መልሱን የምትናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጓደኛዬ የልጅነት እንቆቅልሽ አትጠይቅም። «ያንን ማን አጣው!» ትላለች። የራሷን የምትፈጥረው ከምትሠራበት ቤት ነው። አንድ ቀን «እየጮኸ ይበላል፣ ጅራቱን ሲነቅሉት ይጠግባል» ብላ ላከችልኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ሳስብ የዋልኩት ደግሞ የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን እየገፋሁ ነው። አመሻሽ ላይ ተሸነፍኩና ጎንደርን ሰጠኋት።

«ጎንደር ገብቼ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጮማዬን ስቆርጥ፣ አንቺ የተማርሽው እዚያው ባኒያስ ተንበርክከሽ ምንጣፍ ፈትጊ!» አለችኝ። «በእጅሽ የያዝሽው ማሽን ነው፣ አንቺ ደንቆሮ!»

ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ተናደድኩም። በዚህ ዓይነት ጎንደርን፣ ባሕር ዳርን፣ ደሴን፣ ሐዋሳን አንድ በአንድ አስረከብኳት። የምሰጣት ሲያልቅብኝ «ጅቡቲን ልስጥሽ» ብያት «የሰው አገር አትስጪ፣ ሌባ!» ብላኛለች።

በሦስተኛው ዓመታችን፣ አንድ ጠዋት፣ እንቆቅልሽ ስጠብቅ ሹክሹክታ መጣልኝ። ስኳር እንዳለባት ነገረችኝ። ኪኒኑን ከአገር ቤት በሚመጡ ሰዎች ታስመጣና የፀጉር ቅባት ዕቃ ውስጥ ትደብቀዋለች። «ማዳም ካወቀች ኸላስ፣ አለቀልኝ» አለች። «ለባሏ ትነግረዋለች፣ ካፊሌ እሱ ነው፣ ቪዛዬ በእጁ ነው፣ በሳምንቱ ቦሌ ነኝ። እናቴን ማን ያያታል?» ከዚያ የማዳሟን ቁጥር ላከችልኝ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። እዚህ ቤት አንድ ነገር ብሆን የሚያውቅልኝ የለም። አንድ ቀን ሙሉ መልስ ካልሰጠሁሽ ደውዪላት። ያኔ ብባረርም ልባረር። ቀኑ ሳይሞላ ግን እንዳትደውዪ፣ በከንቱ እንዳታስባርሪኝ።»

«እሺ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ የእሷ መልስ መጣ ማለት በሕይወት አለች ማለት ነበር። እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ደግመን አላነሳነውም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ አንድም ቀን መልስ አላስቀረችብኝም። ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቶ እንኳ ትመልስ ነበር። እኔ ደግሞ ቀስ በቀስ የቁጥሩን ነገር እየረሳሁ፣ የሚቆጨኝ መሸነፌ ብቻ ሆነ። ባለፈው ዓመት በተከታታይ አሥራ አንድ ጊዜ አሸነፈችኝ። አሥራ ሁለተኛውን መሸከም አቃተኝ።

«ሕጉ ይቀየር» አልኳት። «እኔ እዚህ አምስት ልጆች አሉብኝ፣ አንድ ቀን አይበቃኝም። ለማሰቢያ ሦስት ቀን ይሁን።»

«ሦስት ቀን? እንቆቅልሽ ነው ወይስ ሱባዔ?» ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የዚያኛውስ ነገር?» አለችኝ።

ስለ ማዳሟ ቁጥር መሆኑ ገብቶኛል። «አንቺ ምን ያዘገይሻል፤ ሳታስቢም ትመልሻለሽ» አልኳት።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች። እንዲህ ሆኖ ተስማማን። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ላይ አላላክክም።

የትምህርት ቤት እረፍት ሲሆን አሠሪዎቿ ከነልጆቻቸው ወደ ውጭ አገር ሄዱ። እሷ ቤቱን እንድትጠብቅና አትክልቱን እንድታጠጣ ቀረች። «አሥር ቀን ብቻዬን!» ብላ ላከችልኝ። «እስከ ረፋዱ እተኛለሁ፣ ማን ይጠራኛል!» ቀናሁባት። ረቡዕ ማታ ስናወራ ትንሽ እንደሚያዞራት ነገረችኝ። «ሙቀቱ ነው» አለች። እኔም «ሙቀቱ ነው» አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ተራው የእኔ ነበር። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን፣ በማነበው መጽሐፍ የጀርባ ገጽ ላይ እየጻፍኩ የሰረዝኩትን እንቆቅልሽ አዘጋጅቻለሁ። «እንቆቅልሽ» አልኳት። እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ «ምን አውቅልሽ» አለች። ላክሁላት፦ «ሳይጠሩት ይመጣል፤ በር ቢዘጉበት አልጋ ላይ ተኝቶ ይገኛል፤ ቢያባርሩት ነገ ይመለሳል።» መልሱ አቧራ ነው። መልእክቱን እንደሰማችው ስልኬ አሳየኝ። መልስ ግን አልመጣም።

ሐሙስ እስኪመሽ ድረስ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሳህን ሳጥብ እዘፍን ነበር። ዓርብ ጠዋት «ምነው ጠፋሽ፣ አራተኛ ክፍል?» ብዬ ላክሁ። ደረሰ እንጂ አልተከፈተም። ተናዳ ነው አልኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የማዳሟ ቁጥር ትዝ አለኝ። አልዋሽም፣ ትዝ ብሎኛል። ስልኩን አንስቼ ቁጥሩን ፈልጌ አወጣሁት። ከዚያ «ደውዬ ደህና ሆና ብትገኝ ከሥራ አስባርራታለሁ» አልኩ። ደግሞም «ጨዋታው ይፈርሳል፤ ሦስት ቀኑ ገና ነው» አልኩ። ከሁለቱ የትኛው እንደያዘኝ እኔው አውቃለሁ። ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የልጆቹን ልብስ መተኮስ ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ስልኳ ጭራሽ ተዘጋ። እንዳልነዘንዛት ያጠፋችው መሰለኝ። አመሻሽ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና ድል አድራጊ ሆኜ ላክሁባት፦ «አገር ስጪኝ! ካልሰጠሽኝ እኔው እወስዳለሁ። አል ዐይንን ወስጃለሁ! አል ዐይን ገብቼ፣ ከተምሩ ጥላ ሥር ተንፈላስሼ ስበላ ስጠጣ፣ አንቺ ሰነፍ እንደተኛሽ ቅሪ!» መልሱን አልነገርኳትም። ትለምነኝ ብዬ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከመዲናት ዛይድ ብዙም በማይርቅ መናፈሻ፣ አበሻ ሴቶች ተሰብስበን መረብ ኳስ እንጫወታለን። አብዛኞቻችን የቤት ሠራተኞች ነን። መረቡንና ኳሱን በመኪናዋ የምታመጣልን አንዲት የአውሮፕላን ኩባንያ ሠራተኛ ናት፤ አል ራሐ ቢች ባሕሩ ዳር ትኖራለች፣ በዕድሜም ስለምትበልጠን እትዬ እንላታለን። ጫማዋ ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ ብዙም አልወዳትም ነበር። የዚያን ቀን ኳሱን መምታት አልጠግብ አልኩ። ውሃ ለመጠጣት ስንቀመጥ፣ የአል ዐይኗን ጓደኛዬን ሦስት ቀን ሙሉ በእንቆቅልሽ እንዳስጨነቅኋት አወራሁላቸው።

«እንዴት ያለ እንቆቅልሽ ቢሆን ነው?» አለች እትዬ።

ነገርኳቸው። ሳልጨርሰው «አቧራ!» አለች አንዷ። «አቧራ ነዋ!» አለች ሌላዋም ውሃዋን እየዋጠች። ሦስተኛዋ «ኧረ ይሄማ የዕለት እንጀራችን ነው!» ብላ ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ቤት ስትጠርግ ሰባት ዓመት የኖረች፣ እንቆቅልሹንም ከዚያው ቤት የምትፈጥር ሴት ይህን ለመመለስ ሦስት ቀን አያስፈልጋትም። ሦስት ደቂቃም አያስፈልጋትም። ከባድ የመሰለኝ ማሸነፍ ስለፈለግሁ ነው። ቁጥሯን መታሁ፤ ዝግ ነው። የማዳሟን መታሁ። አነሳችው።

«ተኝታ ይሆናል» አለች ማዳሟ በዓረብኛ፣ ተረጋግታ። «አንቺ ማነሽ?»

የስኳሩን ነገር፣ የኪኒኑን ነገር፣ ያንን ሁሉ ዓመት የደበቅነውን ዘረገፍኩት። ከዚያ የተለወጠ ድምፅ ይዛ መጣች፦ «ለምን አልነገረችኝም? እናቴም ስኳር አለባት እኮ። ዶክተር ጋ እወስዳት ነበር!» ጎረቤት ዘንድ ቁልፍ እንዳለ ተናግራ ስልኩን ዘጋችው። እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም። እውነቷን ከሆነ የባሰ ነው።

እትዬ ኳሱንም መረቡንም ትታ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ወደ አል ዐይን በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ድምፅዋን መጨረሻ የሰማሽው መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

በመስተዋቱ አየችኝና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

የአሠሪዎቿ ቤት በር ላይ የፖሊስ መኪናና አምቡላንስ ቆመዋል። የአምቡላንሱ ሰዎች አይሯሯጡም። አንዱ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። ያኔ ገባኝ። ፖሊሱ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ «እህቷ ነኝ» አልኩት። ወደ ውስጥ እንድገባ አልፈቀደልኝም። ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍሏ፣ በአልጋዋና በበሩ መካከል ወለሉ ላይ እንዳገኟት ግን ነገረኝ። እሱም ያንኑ የእትዬን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሐሙስ» አልኩ። «ዛሬ እሑድ ነው» አለኝ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፈው።

በኋላ ሐኪሙን አነጋገርኩት። ራሷን ስታ ረጅም ጊዜ ሳትቆይ አትቀርም፣ ሕይወቷ ያለፈው ምናልባት ቅዳሜ ነው አለኝ። ቀድሞ ተደርሶላት ቢሆንስ ብዬ ጠየቅሁት። ምነው ባልጠየቅሁት። ትድን እንደነበር ነገረኝ። በድሮው ሕጋችን ቢሆን ኖሮ ዓርብ ጠዋት እደውል ነበር።

አስከሬኗ ተሸኘ። አገር ቤት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ሄደው ለእናቷ መርዶውን አረዱ። እዚህ የሚያውቁኝ ሁሉ «ባንቺ ነው የተገኘችው፣ አንቺ ባትኖሪ እስከ መቼ ትቆይ ነበር!» ይሉኛል። እትዬ ብቻ አትልም። ሁለት ጊዜ ደውላ ወደ ኳሱ እንድመለስ ጠየቀችኝ፤ ሥራ በዛብኝ አልኳት። መጽሐፍም ስይዝ ሁለት ገጽ አልሄድም። አሁን ቀኑን ሙሉ ቤት እጠርጋለሁ፣ አጠንክሬ እጠርጋለሁ፤ ማዳም ጎበዝ ሆንሽ ትለኛለች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ፣ ከአገር ቤት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። እናቷ ናቸው። ድምፃቸው ደክሟል።

«ልጄ፣ ያቺ እንቆቅልሽ የምታጫውቻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«‹እሷ አንድም ቀን አታልፈኝም፣ በየቀኑ ትጠይቀኛለች› ትለኝ ነበር። እኔም ሰው አላት እያልኩ እተኛ ነበር።» ከዚያ ጠየቁኝ፦ «መጨረሻ ላይም ታዋሪያት ነበር፣ አይደል? እነዚያ ሰዎች ብቻዋን ነበረች ይላሉ። ልጄ ብቻዋን አልነበረችም፣ አይደል?»

ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ሦስቱ ቀን፣ ኪሴ የከተትኩት ስልክ፣ እንደተኛሽ ቅሪ ያልኳት። የሚጠይቁኝ ያለ እኔ የሚመልስላቸው ሰው የሌላቸው እናት ናቸው።

«አልነበረችም፣ እማማ» አልኩ። «እኔ ነበርኩ።»

ትንፋሻቸውን ሲለቁ ሰማሁ። «ተባረኪ፣ ልጄ» አሉኝ። «እሷን እንዳልተለየሻት፣ እግዚአብሔር አንቺን አይለይሽ።»

«አሜን» አልኩ።