ካርዱና ሞግዚቷ

ፍቅርተ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። የአሥራ አንድ ወር ልጇን ሊያን ቀን ቀን የምትጠብቅላት ጥሩዬ ነች፤ ከወለጋ ተፈናቅላ ከተማው ዳር ባለው መጠለያ የምትኖር፣ ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት።

አንዲት የሥራ ባልደረባዋ የእህቷ ልጅ በካርድ ተምሮ ገና በዓመቱ አሥር እንስሳ እንደሚለይ ስታወራ ፍቅርተ ውስጧ ቅጥል አለ። በማግስቱ የእንስሳት ሥዕል ያለባቸውን ሃምሳ ካርዶች ገዛች። ከሥራ ስትመለስ ሊያን ጭኗ ላይ አስቀምጣ "ይሄ አንበሳ፣ ይሄ ዝሆን" ትላታለች። ሊያ ግን ካርዱን ወደ አፏ ትሰዳለች፤ ሲቀሟት ታለቅሳለች።

"እትዬ ጥሩዬ፣ ቀንም ያሳዩልኝ" አለች። "ጠዋት ሃያ፣ ከሰዓት ሃያ።"

"እሺ፣ እሞክራለሁ።"

አንድ ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት ሠራተኛው በጊዜ ተለቀቀ። ፍቅርተ በሩ ጋ ስትደርስ ጥሩዬ ምስር እየለቀመች ሊያን ታጫውታለች። "ይቺ ደግሞ ጠጠር ናት። እንጣላት? ጣልናት!" ሊያ በሳቅ ፈነዳች፤ እጇን ዘርግታም "ጡዬ" አለች። "እማ" እንኳ ብላ አታውቅም።

"ካርዱስ?" አለች ፍቅርተ።

"ስታየው ፊቷን ታዞራለች እኮ። ወሬ ነው የምትወደው፤ ሲያወሯት አፍ አፍ ታያለች።"

"ልጄን እየወሰዱብኝ ነው! ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ።"

ጥሩዬ ሕፃኗን ስማ ወጣች።

ፍቅርተ ፈቃድ ወስዳ ሦስት ቀን ከነካርዱ ቤት ተቀመጠች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊያ ወደዚያ ትድሃለች፤ ጥሩዬ አለመሆኗን ስታይ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን ፍቅርተ "ዝሆን በይ እንጂ!" ብላ ጮኸችባት። ልጅቱ ደንግጣ ጸጥ አለች። እናትየዋም በገዛ ድምፅዋ ደነገጠች። ወዲያው ልጇን አዝላ ወደ መጠለያው ሄደች።

ጥሩዬ ደጅ ልብስ ታጥብ ነበር። ሊያ ገና ከሩቅ ስታያት እናቷ ጀርባ ላይ መፈራገጥ ጀመረች።

"ቀንቼ ነው" አለች ፍቅርተ። "ይቅር ይበሉኝ።"

ጥሩዬ አረፋውን ከእጇ ጠረገች። "እኔም እርሻ ውዬ ስገባ ልጆቼ አማቴን ነበር የሚፈልጉት። አውቀዋለሁ። በይ አምጫት።"

ሰኞ ጥሩዬ ሥራዋን ቀጠለች። ፍቅርተም አሁን ማታ ሽንኩርት እየላጠች ለልጇ ውሎዋን ታወራላታለች። ወር ሳይሞላ ሊያ "እማ" አለች። ቅናቱ ግን አልለቀቃትም፤ ጥሩዬ ልትሄድ ነጠላዋን ስታነሳና ሊያ ስታለቅስ፣ ፍቅርተ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።