ጾም ላይ ያልተሸተተው ሥጋ

የጠፋ መብራት ተመልሶ ፍሪጃችን እየተንቀጠቀጠ ሲነሳ፣ ዛሬም ድረስ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የወንድሜ የይበልጣል የዓሣ መስታወት ነው።

ይበልጣል የልብ ሕመምተኛ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኛ ሰፈር ዳገት የሌለው መንገድ ስለሌለ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሞ ቤት ዋለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ እማዬ ለምና ነበር የምታስነሳው። አጎታችን ከአዲስ አበባ የመስታወት ሣጥንና ብርዳችንን የሚችሉ ብርቱካናማ ዓሦች ያመጣለት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሳ ጀመር። ክኒኑን ይዛ ስትመጣ ከእጇ ቀምቶ እየዋጠ፣ «እኔ ከተኛሁ እነዚህን ማን ያበላቸዋል?» ይላታል። እማዬ ወደ መስታወቱ እያየች ታማትብ ነበር።

ክረምት ላይ ምግባቸውን የማመጣው እኔ ነበርኩ። ከጎመኑ ሥር እርጥቡን አፈር ስምሰው የሚወጣው ሽታ፣ ጣቴ ላይ የሚጠቀለለው ትል አሁንም ይታወቀኛል። ይበልጣል ግን በቀላሉ አይቀበለኝም።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከጎመኑ ሥር።»

«ከቦዩ አይደለም?»

«በማርያም አይደለም!»

«ቦዩ የጋራዡ ዘይት የሚደፋበት ነው። ትሉ የበላውን ነው ዓሣው የሚበላው።»

ትሎቹን አጥቦ በንጹህ ውሃ ያሳድራቸዋል፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው አፈር እስኪወጣ። ጠዋት በምላጭ ቆራርጦ ትንሽ ትንሽ ይሰጣቸዋል። «ጨምርላቸው» ስለው የተረፈው ውሃውን ያበላሻል ብሎ ይቆጣኛል።

በበጋ ግን መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ትል አይገኝም። ስለዚህ የዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት እማዬ የበሬ ልብ ከስቡ ለይታ በትንንሹ ትከትፍና በላስቲክ ጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጥለታለች። ይበልጣል አንዷን ጥቅል አውጥቶ በስኒ ያቀልጣታል፣ በሻይ ማጥለያ ያጥባታል፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው ያስጠጋታል። አንዴ የቀለጠ ሥጋ ተመልሶ ቢረጋም ውስጡ ይበላሻል፤ በረዶ ሲሆን አይታወቅም፤ አፍንጫ ብቻ ነው የሚያውቀው ይል ነበር።

የኔ ዘመን ልጆች ታስታውሱት እንደሆነ እንጃ፤ እኛ ሰፈር ጾም ላይ ሥጋ አይሸተትም። በሥጋ ቤት በኩል ስናልፍ አፍንጫችንን ይዘን እንሮጣለን። እጁን የለቀቀ ካለ «ሸተተህ! ገደፍህ!» እየተባለ እስከ ቤቱ ይሸኛል። እማዬም ከኛ አትሻልም ነበር። ለይበልጣል ግን የነፍስ አባታችን፣ አባ፣ ለበሽተኛ ጾም የለም ብለው ወተት እንኳ ፈቅደውለታል። ወተቱን አልጠጣም፤ ማሽተቱን ግን ለዓሦቹ ሲል ያሸት ነበር።

አንድ ዓመት ጾሙ ሲጋመስ ጉንፋን ያዘውና አልጋ ላይ ዋለ። ማብላቱ ለእማዬ ሆነ። በዚያው ሰሞን መብራት ጠፍቶ ብዙ ቆይቶ መጣ። ፍሪዘሩ እንደገና በረዶ ሠራ፤ ሥጋውም እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ሲያዩት ምንም አልሆነም።

እማዬ ሥጋውን ስታቀልጥ አጠገቧ ነበርኩ። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ በጣቷ ጫፍ ነበር የምታጥበው። ስምንት ዓመቴ ነው፤ እኔም አፍንጫዬን ይዣለሁ።

«እማዬ፣» አለ ይበልጣል ከጓዳ፣ «አሽትተሽዋል?»

«አሽትቻለሁ ልጄ። አንተ ዕረፍ።»

በማግስቱ ውሃው የሊጥ ውሃ መስሎ ነጣ። ዓሦቹ ከላይ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆነ። እማዬ እሱ ሳያይ ልታወጣቸው ስትጣደፍ የማጥለያው ድምፅ ተሰማው መሰለኝ፣ ግድግዳውን ይዞ መጣ። ዓሦቹን አልነካም። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከታች የተረፈውን ሥጋ አወጣና አሸተተው።

«ጾም ነው ብዬ ነው፣» አለች እማዬ።

«አውቃለሁ፣» አላት። «ምን ታደርጊ፣ ጾም ነው።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ተመልሶ ተኛ፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞረ። ክኒኑን ይዛ ስትመጣ «አስቀምጪው» ይላታል። ሲያዩት ይውጣል፣ ሳያዩት ትራሱ ሥር ያደርገዋል። አጎታችን ሌላ ዓሣ ላምጣልህ ቢለው «ይቅርብኝ» አለ። ከፋሲካ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ክረምቱ ሳይገባ ቀበርነው። ሐኪሙ ልቡ ድሮም ተጎድቶ ነበር፣ ክኒኑም ብዙ አያቆየውም ነበር አለን። እማዬ ቀና ብላም አላየችው።

አባ ለማጽናናት በመጡ ቀን የጠየቀቻቸውን እኔም ሰምቻለሁ።

«አባቴ፣ ሥጋ ማሽተት ጾም ይሽራል?»

«ማሽተት ምን ያደርጋል ልጄ? የሚያስገድፈው መብላት ነው።»

«እንግዲያው ቀድሜ በጠየቅኩዎት፣» አለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ተማርኩ። የተበላሸ ሥጋ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አሁን አውቃለሁ፤ ለእማዬ ግን ላስረዳት ደፍሬ አላውቅም። ዛሬ ማርቆስ ካፌዎች ውስጥ ዓሣ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ምግባቸው በደረቁ ታሽጎ ይመጣል፣ ማንም ትል አይምስም። የይበልጣል መስታወት ጓዳ ውስጥ ባዶውን አለ፤ በየፋሲካው ዋዜማ ታጥቦ ይመለሳል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መብራት ጠፍቶ አድሮ መጣ። እማዬ ለድመታችን ያስቀመጠችውን ሥጋ አውጥታ በስኒ አቀለጠችው። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ ሥጋውን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ሥጋ መበላሸቱን ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ ማሽተት አያስፈልግም። ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«አንቺም አሽቺው፣» አለችኝ።

አሸተትኩት።