አባቴ የፋቀው ጥርስ

ምግብ ቤት ተቀምጬ አንድ ሰው ብርጭቆውን በማንኪያ ኳ ሲያደርገው፣ ምላሴ ሳላዛት ወደ ፊት ጥርሴ ትሮጣለች። አሁን እዚያ ያለው ሰው ሠራሽ ነው፤ የሚፈለግ ነገር የለም። እሷ ግን ትሄዳለች፣ ትገፋለች፣ ትመለሳለች። ከገዛ ምላሴ ጋር ተጣልቼ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባደግኩባት ከተማ ሁሩሙ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ርሶ ቀይ ጭቃ ይሸታል። መረብ ኳስ ስንጫወት ከጓደኛዬ ጋር ለአንድ ኳስ ዘለልንና ክርኗ አፌ ላይ አረፈ። ወዲያው አላመመኝም፤ የደሙ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ብቻ መጣ። ቀና ስል ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ። ጥርሴ ከነሥሩ ጭቃው ላይ ተጋድሟል። ጥርስ ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

መዳፌ ውስጥ ይዤው ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ የማር ነጋዴ ነበር። ከገበሬ የተረከበውን ማር ሰፈፉን ለይቶ፣ የሞተ ንቡንና እጩን ለቅሞ ካላጠራ አይሸጥም። "ማር ቆሻሻ አይወድም፣ ይቦካል" ይል ነበር። ጥርሴን ተቀበለኝና ወደ ብርሃን አነሳው። ሥሩ ላይ ቀላ ያለ ስስ ሥጋ ተጣብቋል። "ይኼ ነው የሚያመረቅዘው" አለና ሰፈፍ በሚፍቅበት ትንሽ ቢላ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሥሩ እስኪነጣ ድረስ ፋቀው። ከዚያ ንጹሕ ማር ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተውና በሚኒባስ ወደ መቱ ወሰደኝ። መንገዱን ሁሉ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ታቅፎት ነበር። ተሳፋሪ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ "የልጄ ጥርስ ነው" ይላል፣ ኩራት በሚመስል ድምፅ።

የጥርስ ሐኪሟ ማሩን አጠበችለትና ጥርሱን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ከጎረቤቶቹም ጋር በቀጭን ሽቦ አሰረችው። ከዚያ አባቴን ይዛው ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እኔ አፌ ደንዝዞ የግድግዳውን ቀለም እያየሁ ቀረሁ። ሲመለስ፣ "የመድኃኒቱን አወሳሰድ እየነገረችኝ ነው" አለኝ።

ሽቦው ከተፈታ በኋላ አባቴ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ደጃፉ ላይ ይጠብቀኛል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይነቃነቃል?"

"አይነቃነቅም አባዬ፣ ድንጋይ ነው።"

አንገቱን ይነቀንቅና ወደ ማሩ ይሄዳል። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ለምርመራ ብቻዬን ወደ መቱ ሄድኩ። ሐኪሟ በትንሿ መስተዋት እጀታ ጥርሶቼን በየተራ መታ መታ አደረገቻቸው። ሌሎቹ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጡ። ያኛው ግን ባዶ ብርጭቆ እንደተነካ ኳ አለ። ሐኪሟ ደግማ መታችው፤ ያው ነው። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጥርስና አጥንት አይነካኩም" አለችኝ። "በመካከላቸው ከወረቀት የሳሳ ሥጋ አለ፤ እሱም ክር ነው። የክሩ አንዱ ጫፍ ጥርሱ ላይ፣ ሌላው አጥንቱ ላይ ተተክሏል። የጠፍር አልጋ ታውቂ የለ? ስትነክሺ ጥርስሽ እንደዚያ ትንሽ ሰመጥ ይልና ይመለሳል። ምግብ ውስጥ ያለችውን አሸዋ እንኳ የሚነግርሽ ያ ክር ነው። የአንቺ ተፍቆ ስለወጣ ጥርሱ ከአጥንቱ ጋር ተጣበቀ። ጠንካራ ይመስላል፤ አጥንቱ ግን ቀስ እያለ ሥሩን ይበላዋል።"

"ከዚያስ?"

"ዓመታት ይቆይልሽ ይሆናል። ከዚያ ይወድቃል።"

ሚኒባሱ ውስጥ በአባቴ ነደድኩ። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ፤ በማን ላይ ቆመሽ እግዜርን ታሚያለሽ እንደሚባለው ሆነብኝ። እንዴት ተጠንቅቆ እንደፋቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንን ቢሰማ አይችለውም ብዬ እንዳይሰማ ወሰንኩ።

ከዚያ በኋላ "አይነቃነቅም" ማለቴን አጠነከርኩት። ቆሎ ፊቱ ቆርጥሜ አሳየዋለሁ። ፈገግ ይላል፤ ግን ማር ማጣራት ይጀምርና እንዳለ ትቶት ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል፣ ሲጠሩት አይሰማም። ዕድሜ ነው አልኩ። እኔም ከሱ አልተሻልኩም። ደብተር እከፍታለሁ፣ ምላሴ ትገፋለች፣ እዘጋዋለሁ። ማታ ፍራሹ ይቆረቁረኛል፣ የተቀመጥኩበት ሁሉ አይመቸኝም። በሽታው ጥርሴ ላይ ይሁን ሆዴ ውስጥ መለየት አቃተኝ።

ጥርሱ የወደቀው ጅማ ሥራ ይዤ ሳለሁ ነው፤ አባቴ ካረፈ በኋላ። ሁሩሙ ስሄድ ለእናቴ አሳየኋት።

"እንኳን አባዬ ይህን ሳያይ ሄደ" አልኳት። "ሲፍቀው እንደገደለው ሳያውቅ።"

እናቴ የያዘችውን አስቀመጠችና አየችኝ።

"ሐኪሟ እኮ በዚያው ቀን ኮሪደሩ ላይ ነግራዋለች። 'ሽቦው ሲፈታ ጥቂት ነቅነቅ ካለ ክሩ ነፍስ ዘርቷል ማለት ነው፤ ድርቅ ካለ ግን ሞቷል' ብላው። ላንቺ መንገር አቃተው። ጠዋት ጠዋት የሚጠይቅሽ እኮ ቢነቃነቅልኝ ብሎ ነበር።"

በየጠዋቱ ድንጋይ ነው ስለው ምን ያደርገው እንደነበር አሁን አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ "ትንሽ ነቅነቅ ያለ መሰለኝ፣ አባዬ" ብዬው ቢሆን፣ ያን ቀን ማሩን አጣርቶ ይጨርስ ነበር።