የወንጪ ጭቃ ለኦቦ ገመቹ ያልነገረው

በደቦ የሠራ ሰው ሳይበላ አይሸኝም። ባለቤቴን ኦቦ ገመቹን ግን አጥኚዎቹ እንዲሁ ሸኙት። ወንጪ ሐይቅ ላይ ጀልባ ቀዘፈላቸው፤ ከሐይቁ ሥር ጭቃ በቧንቧ አወጡ። “ጭቃው ውስጥ ካሉት ዛጎሎች የድሮውን ብርድና ሙቀት እናውቃለን፤ ያገኘነውን መጥተን እንነግርዎታለን” ብለውት ሄዱ። ሲጠብቃቸው ሞተ። በደሉ ይህ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ገመቹ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። በጎረምሳነቱ ውርጭ እንሰቱን ያቃጥል፣ የጀልባው ወለል በረዶ ይይዝ እንደነበር ሲያወራ ሰው ይስቅበታል። አስተማሪው አማቻችን ሳይቀር “ሽማግሌ ሁሉ ድሮ ብርድ ነበር ይላል” እያለ ይቀልድበት ነበር። ገመቹም “ቆይ፣ ጭቃው ይመስክር” ይላል።

ከአጥኚዎቹ አንዷ፣ ዶክተር ሰላም፣ ወንጪ ተመልሳ መጥታለች ሲሉኝ ተነሣሁ።

ከእጃጂ እስከ አምቦ

እሱ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እጃጂ፣ ልጄ ዘንድ ነው። ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉደር ስንደርስ ሽንኩርት ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ገመቹ እዚህ ሳይገዛ አልፎ አያውቅም። እኔም ገዛሁ፤ ለማን እንደምከትፈው ግን አላውቅም።

አምቦ መናኸሪያ የወንጪውን መኪና ስጠብቅ ረዳቱ ከኋላዬ የመጣ ጎረምሳ ከፊት ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ፈለገ።

“ተራ ነው” አልኩት።

“አዴ፣ ቦታው ይጠብብዎታል ብዬ ነው።”

“የጠበበው ሕግህ ነው” ብዬ ተቀመጥኩ።

ወንጪ

ከአፋፉ ላይ ሐይቁ ሲታየኝ እግሬ ቆመ። ከቀብሩ ወዲህ አላየሁትም። ውኃው ያው፣ መሐሉ ላይ ያለችው ደሴትም ያችው ነች፤ ጀልባውን ብቻ ሌላ ሰው ይቀዝፈዋል።

“አከም ጅርቱ አዮ! ፈረሱ ላይ ይቀመጡ እንጂ” አለኝ ፈረስ አከራዩ ሰላምታ ሰጥቶ።

“ቁልቁለት የፈረስ ጉልበት ይሰብራል። ስመለስ፣ ለዳገቱ።”

“ስንመለስ ደግሞ አዝነውለት ተሸክመውት ሊወጡ ነው?”

ዶክተር ሰላምን ሐይቁ ዳር ከጀልበኞች ጋር ቆጮ ስትበላ አገኘኋት። የዛሬውን ውኃ ሙቀት ልትለካ ነው የመጣችው። ጫልቱ፣ የገመቹ ሚስት መሆኔን ስነግራት ተነሥታ ቆጮ ቆረሰችልኝ።

“ድርሻውን ልቀበል መጥቻለሁ” አልኳት። “ዛጎሉ ምን አለ?”

ከዳር ካለው ጭቃ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ነጭ ዛጎል በጥፍሯ አነሣች። “ይህች ፍጥረት ቤቷን የምትሠራው ከውኃው ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ቤቷ ውስጥ የሚገባው ንጥረ ነገር መጠኑ ይለያያል። ስትሞት ትሰምጣለች፤ በላይዋ ሌላው ይደራረባል። ከታች የጥንቱ፣ ከላይ የቅርቡ። እኛ እሱን እንለካለን።”

“የገመቹስ ዘመን?”

ወደ ሐይቁ አየች። “አዴ ጫልቱ፣ ይቅርብዎት።”

“አይቀርብኝም። መራራም ቢሆን ድርሻ ድርሻ ነው።”

“የቅርቡ ዘመን ያለው ከላይ፣ ለስላሳው ጭቃ ላይ ነው። ቧንቧው ሲወጣ እኛ ገመድ እየሰበሰብን ነበር። ኦቦ ገመቹ ‘ለእንግዳ የቆሸሸ ዕቃ አይሰጥም’ ብለው የቧንቧውን የላይ አፍ አጥበው አቀበሉን። የእሳቸው ዘመን አብሮ ታጠበ። መሣሪያው የተውሶ ነበር፤ ዳግመኛ አላገኘነውም። ብነግራቸው ያዝናሉ ብዬ ሸሸሁ።”

ገመቹ ነው። ብርጭቆ እንኳ ሁለቴ ሳያጥብ ለሰው አያቀርብም ነበር። ሳቅኩ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኔ ሞላ።

“ታዲያ ውሸታም እንደተባለ ይቅር?”

ዳገቱን በፈረስ ስወጣ ልትሸኘኝ በእግሯ ተከተለችኝ። አፋፉ ላይ ስንደርስ የፈረሱን ልጓም ያዘች።

“ከሥር ያለው ጭቃ የአያቶቻቸውን ዘመን ይነግረናል” አለችኝ። “የእሳቸውን ግን ዛጎል አይነግረንም። ስለዚያ ዘመን ብርድ ያለን ምስክር፣ እሳቸው ጀልባው ላይ ሆነው የነገሩን ብቻ ነው። እሱንም ጥናታችን ውስጥ በስማቸው ጽፈነዋል።”