ቀይ ጨርቅ የምታስረው ሴት

በትራንግ አውራጃ የጎማ ዛፎች መሃል ነጩን የዛፍ ወተት ልንሰበስብ ስንወጣ አንዲት ሴት ሁልጊዜ ከፊታችን ትሄዳለች። ስሟን ብንጠይቃት «አክስቴ በሉኝ» ብላ አለፈችው። በትንሽ እግሯ የወንድ ቦቲ ትጫማለች፤ ጫፉን በጨርቅ ጠቅጥቃዋለች። እፉኝት ስታይ አትጮህም፤ አጠገቡ ካለው ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። እፉኝቱ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ጨርቁን ያየ ዞሮ ያልፋል።

ዛሬ አንዱን አይታ ጨርቅ ልታስር ስትል፣ አብሮን የሚሠራው ቡንሎም ቆንጨራውን መዘዘ።

«አክስቴ፣ ጨርቅሽን ከምትጨርሺ ልገላግልሽ!»

«ተው! ይልቅ ና፣ ራቅ ብለህ እየው።»

የእፉኝቱ ገላ የደረቀ ቅጠል ነው የሚመስለው። ጀርባው ላይ ጥቋቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል፤ አፍንጫው ሹል፣ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። በዓይኑና በአፍንጫው መሃል ሙቀታችንን የሚለይበት ጉድጓድ አለ።

«ባሌን የነደፈውም ይህንኑ የመሰለ ነው» አለች። «ይህን ቦቲ ቤት ትቶት የወጣ ቀን።»

ቡንሎም ቆንጨራውን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ እንዴት ታዝኚለታለሽ?»

ጨርቁን አጥብቃ አሰረችው።

«ባሌ ከወደቀበት ስደርስ እባቡን እዚያው አጠገቡ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ባሌን ጥለው የሸሹት ጓደኞቹ ነበሩ።»